«ከሉተር በፊት የት ነበራችሁ?»

በጀርመን፣ በአውግስበርግ ከተማ፣ በተሐድሶ መታሰቢያ ቀን ምሽት ለተሰበሰቡ አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች የተደረገ ንግግር

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሙኒክ፣ ከኡልምና ከኑረምበርግ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ? የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ነገ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለሆነ በባየርን ሥራ የለም፤ ስለዚህ ረጋ ብለን ለመነጋገር ጊዜ አለን።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የክርስትና ቤተ እምነቶች አመጣጥ» የሚል ነው። የሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ በአንድ ምሽት ተነግሮ አያልቅምና፣ ርእሱን ወደ ሉተራውያንና ካቶሊካውያን ግንኙነት እንዳጠብበው ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳስብ።

ይህ ጉዳይ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። የተወለድሁት ነቀምቴ ሲሆን እናቴ የኦርቶዶክስ፣ አባቴ ከጀርመናዊው የተሐድሶ አባት ከማርቲን ሉተር ወገን የሆነችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበሩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ቄስ ነበሩ፤ በዓል ሲሆን እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። አንድ የመስቀል በዓል ላይ ቡና ተፈልቶ ሳለ አጎቴ አባቴን «ለመሆኑ እናንተ ከሉተር በፊት የት ነበራችሁ?» አሏቸው። አባቴ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና «ወንጌሉ ውስጥ ነበርን» ብለው መለሱ። አጎቴም ቀበል አድርገው «ወንጌሉንስ ማን ጠብቆ አቆየላችሁ?» አሉ። አባቴ ዝም አሉ። እናቴ ሁለተኛውን ቡና ቀድተው ወሬውን ወደ እርሻ መለሱት። ሁለቱ ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይከባበሩ ነበር፤ ነገር ግን ያ ጥያቄ በቤታችን ዳግመኛ አልተነሣም።

ዛሬ ልመልሰው የምፈልገው ያንን ጥያቄ ነው። የአባቴ መልስ የእምነታቸው ቅንነት ያለበት መልስ ነው፤ ግን አሥራ አምስት መቶ ዓመት ይዘልላል። እኛ ወንጌላውያን፣ ሰዉም ጴንጤ የሚለን፣ ከሐዋርያት ሥራ ተነሥተን በቀጥታ ወደ ሉተር፣ ከሉተርም ወደ አገራችን ሚስዮናውያን መዝለል ለምደናል። ሉተር ራሱ ግን እንዲህ አልዘለለም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናገራለሁ፦ አንደኛ፣ ቤተ እምነቶች በምን ምክንያት እንደሚለያዩ፤ ሁለተኛ፣ የሉተር ወገን ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደወጣና ምን ይዞ እንደወጣ፤ ሦስተኛ፣ ዛሬ ሁለቱ የት እንደደረሱ።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ላንሣ። ቤተ ክርስቲያን እስከ ሉተር ድረስ አንዲት ሆና ኖራ በእርሱ ምክንያት ተሰነጠቀች የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ይህ ልክ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሕይወት ሳለ እንኳ በቆሮንቶስ «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ፣ እኔ የኬፋ ነኝ» የሚሉ ነበሩ። በ325 በኒቅያ የአርዮስ ትምህርት ተወገዘ። በ431 በኤፌሶን ንስጥሮስ ተወገዘና በፋርስ ግዛት የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በራሷ መንገድ ሄደች። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ በክርስቶስ ባሕርይ ምክንያት ሮምና ቁስጥንጥንያ በአንድ ወገን፣ የግብፅ፣ የሶርያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት በሌላ ወገን ቆሙ፤ የእኛይቱም ኢትዮጵያ ከእስክንድርያ ጋር ሆነች። በ1054 ደግሞ ሮምና ቁስጥንጥንያ ራሳቸው ተወጋገዙ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እውነተኛ የእምነት ጥያቄ ነበረ፤ አባቶች በከንቱ አልተጣሉም። ነገር ግን ትምህርቱ ብቻውን ቤተ ክርስቲያንን ሲለያይ አላየሁም። ከትምህርቱ ጎን ሁልጊዜ የቋንቋና የባህል ርቀት አለ፤ ከእርሱም ጎን የነገሥታት እጅ አለ። የኬልቄዶንን ውሳኔ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች በእስክንድርያ ባያስፈጽሙት፣ ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስም ተሽሮ ባይጋዝ ኖሮ፣ ነገሩ በእርቅ ይፈታ ነበር ይሆን? በ1054 የተጻፈውን ውግዘት ብዙ ሰው አልሰማውም ነበር፤ በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ ግን መለያየቱን ተራው ሕዝብም በሥጋው አወቀው።

እኛስ ይህን አናውቀውም? አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊካዊነታቸውን በይፋ ገለጡ። ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆኑት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጥተው ሕዝቡን እንደ አዲስ ለማጥመቅ፣ ሥርዓቱንም ወደ ላቲን ለመለወጥ ተነሡ። አገሩ በጦርነት ተናወጠ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ። በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በአገራችን ለብዙ ዘመን «ካቶሊክ» የሚለው ስም ሲጠራ ሰዉ የሚያስታውሰው የነገረ መለኮት ክርክሩን ሳይሆን ይህን ደም ነው። ይህን ቁስል ማወቅ ይገባናል፤ ግን ስለ ጀርመን ስንነጋገር የአገራችንን ቁስል ወደዚህ ማምጣት የለብንም። የኛ የኦርቶዶክስና የካቶሊክ ጠብ ሌላ፣ የሉተርና የሮም ጠብ ሌላ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ስሕተት አስከትሎብናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

ማርቲን ሉተር በ1483 በአይስሌበን ተወለደ። በ1505 በኤርፉርት ወደ አውግስጢኖሳውያን ገዳም ገባ፣ በ1507 ቅስና ተቀበለ፣ በ1512 በቪተንበርግ የነገረ መለኮት ዶክተር ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር ጀመረ። ወገኖቼ ሆይ፣ ልብ አድርጉልኝ፦ ይህ ሰው የካቶሊክ መነኩሴ፣ የካቶሊክ ቄስ፣ የካቶሊክ መምህር ነው። የሚያስጨንቀው ጥያቄም የገዳም ጥያቄ ነበር፤ እኔ ኃጢአተኛ በጻድቁ አምላክ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ይጾማል፣ ይናዘዛል፣ ያነብባል፤ ልቡ ግን አያርፍም። በኋላ የሮሜን መልእክት ሲያስተምር የእግዚአብሔር ጽድቅ ማለት እግዚአብሔር የሚቀጣበት ጽድቅ ሳይሆን በእምነት የሚሰጠው ጽድቅ መሆኑን አየ። የሉተር ትምህርት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በ1517 ያስነሣው ነገር ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። የብራንደንቡርጉ አልብረሽት የሚባል ወጣት መስፍን የማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ በ1514 የማይንትስንም መንበር ያዘ። ሁለት መንበር ደርቦ ለመያዝ የሮምን ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና ለዚያ የሚከፍለውን ብዙ ገንዘብ የዚህ የእኛ ከተማ ባለ ባንኮች ከሆኑት ከፉገር ቤተሰብ ተበደረ። ዕዳውን እንዲከፍል የስርየት ወረቀት፣ ማለትም የኃጢአትን ቅጣት ያስቀራል የሚባል ወረቀት፣ በግዛቱ እንዲሸጥ ተፈቀደለት፤ ከገቢው እኩሌታው ለፉገር ዕዳ፣ እኩሌታው በሮም ለሚሠራው ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሆነ። ሕዝቡ የተነገረው ግን የሁለተኛውን ብቻ ነው። ዮሐን ቴትሰል የሚባል ሰባኪ በየከተማው እየዞረ ወረቀቱን ሲሸጥ፣ ድሃው ለሞቱ ወላጆቹ ነፍስ ብሎ ያለውን ያወጣ ነበር። ሉተር ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ዘጠና አምስት የክርክር ነጥቦች ለዚሁ ለሊቀ ጳጳስ አልብረሽት ላከ። ስለ ፉገር ዕዳ በዚያ ጊዜ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያው ነጥብ ጌታችን ንስሐ ግቡ ሲል የምእመን ሕይወት ሁሉ ንስሐ እንዲሆን ፈልጎ ነው የሚል ነው። አጎቴ ቄሱ ይህን ነጥብ ቢያነብቡ ኖሮ የሚቃወሙት ይመስላችኋል?

የቅድስት አና ቤተ ክርስቲያንን ከእናንተ መካከል ገብቶ ያየ አለ? ያላያችሁ ነገ ግቡና እዩ። ከዚህ በእግር የሚደረስበት ነው። ዛሬ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያ ዘመን የቀርሜሎሳውያን ገዳም ነበር። በ1518 ኦክቶበር ሉተር በሮም ጳጳስ እንደራሴ በካርዲናል ካየታን ፊት እንዲቀርብ ወደ አውግስበርግ ሲጠራ ያደረው በዚህ ገዳም ነው። በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምዕራባዊ ጫፍ የፉገር ቤተሰብ የመቃብር ጸሎት ቤት አለ። ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ በመሠዊያው ላይ የሞተውን ክርስቶስን እመቤታችን፣ ዮሐንስና መልአክ ደግፈው የያዙበት ቅርጽ ቆሟል። ሉተር በመጣበት ጊዜ ጸሎት ቤቱ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ የሉተራውያን ሲሆን የካቶሊኮቹ የፉገሮች መቃብር አልፈረሰም፤ እነሆ እስከ ዛሬ አለ። የስርየት ወረቀቱን ብድር የሰጠው ቤት መቃብርና ያን ወረቀት የተቃወመው መነኩሴ ያደረበት ገዳም በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። እኔ እንግዶች ሲመጡብኝ ሁሌ የምወስዳቸው እዚያ ነው፤ የዚህ ታሪክ ጠባይ ከመጻሕፍት ይልቅ እዚያ ቆሞ ላየው ይገባዋልና።

ካርዲናል ካየታን ተራ ሰው አልነበረም፤ በዘመኑ ከነበሩት የመካከለኛው ዘመን ታላቅ መምህር የቶማስ አኲናስ ታላላቅ ተርጓሚዎች አንዱ ነው። ሉተርን ያነጋገረው በእነዚሁ በፉገሮች ቤት ነው። የሚፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ስሕተቴን አንሥቻለሁ» እንዲለው። ሉተር ግን ስሕተቴን ከመጽሐፍ ቅዱስ አሳየኝ አለ። ካየታን ለዚህ ክርክር ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ ሉተር ስለ እምነት እርግጠኝነት የሚያስተምረው አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ነው ብሎ ጽፏል። ይህን ቃል ስታነብቡ ምን ይሰማችኋል? ሉተር በዚያ ጊዜ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የመሥራት አሳብ አልነበረውም። የመለያየቱን ጥልቀት ከሉተር አስቀድሞ ያየው ካርዲናሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከገንዘብ አልፎ ሥልጣን ወደሚባለው ነገር እየሄደ መሆኑን አይቷል። በመጨረሻ የሚወስነው ማን ነው? የሮም መንበር ነው? ጉባኤ ነው? ቅዱስ መጽሐፍ ነው? በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1519 በላይፕሲግ፣ የካቶሊኩ ሊቅ ዮሐን ኤክ ይህንኑ ጥያቄ ገፍቶ ገፍቶ ሉተርን ጉባኤም ሊሳሳት ይችላል እስኪል አደረሰው። በዚያ ክርክር ሉተር ለሮም ጳጳስ ሳይገዙ የኖሩትን የግሪክ ክርስቲያኖች በምስክርነት ጠርቷል፤ የምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን መኖር ለእርሱ ትልቅ ማስረጃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1520 ከሮም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ ሉተር ዲሴምበር 10 ቀን ከቪተንበርግ ከተማ በር ውጭ አቃጠለው። በ1521 ጃንዋሪ ተወገዘ፤ በኤፕሪል በዎርምስ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ፊት ቃሉን አላነሣም አለ። እንዲህም ሆኖ በ1522 ተከታዮቹን በስሜ አትጠሩ፣ ሉተራውያን አትበሉ፣ ክርስቲያኖች በሉ፣ እኔ ለማንም አልተሰቀልሁም ብሎ ለመናቸው። ልመናው አልተሰማም።

አሁን አንድ ነገር እንዳትረሱብኝ እፈልጋለሁ። በጁን 25 ቀን 1530 በዚሁ በአውግስበርግ፣ በከተማው ጳጳስ ግቢ፣ የሉተር ወገን የሆኑት መሳፍንት የእምነት መግለጫቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረቡ። ያዘጋጀው የሉተር ባልደረባ ፊልጶስ ሜላንክቶን ነው፤ ሉተር የተወገዘና ከሕግ ጥበቃ የወጣ ስለነበረ መምጣት አልቻለም፣ በኮቡርግ ምሽግ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። መግለጫው 28 አንቀጾች አሉት። የሳክሶኒው ቻንስለር ክርስቲያን ባየር በጀርመንኛ ጮክ ብለው ለሁለት ሰዓት ያህል አነበቡት። ምን ይላል? እኛ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን ትተን ወጣን ይላል? አይልም! ትምህርታችን ከቅዱሳት መጻሕፍትም፣ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም፣ ከአበው ጽሑፍ እስከምናውቀው ድረስ ከሮም ቤተ ክርስቲያንም የሚለይ አይደለም ይላል። ቅዳሴን ሽራችኋል ተብለን የተከሰስነው በሐሰት ነው ይላል። እንግዲህ ሉተራውያን ከሉተር በፊት የት ነበሩ? መልሱ እዚህ ላይ አለ። በዚያችው በምዕራቡ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከእርሷ ተቀበሉ፣ በእርሷ ተጠመቁ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን ከእርሷ ተማሩ፤ ራሳቸውንም የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቀጣይ አድርገው ቆጠሩ። አጎቴ ወንጌሉን ማን ጠብቆ አቆየላችሁ ያሉት ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት አዲስ የመጡ ወጣቶችን እሑድ ጠዋት ወደ አንድ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ይዤ ገባሁ። በመሠዊያው ላይ ሻማ በርቷል፣ የተሰቀለው ክርስቶስ ምስል ቆሟል፣ ፓስተሩ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በመስቀል ምልክት ሕዝቡን ባረኩ፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ጸሎተ ሃይማኖትን ደገመ። ከወጣቶቹ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ የገባነው?» አለኝ። ልጁን አልፈርድበትም፤ ፕሮቴስታንት ማለት ሥርዓት የሌለው ማለት ነው ተብሎ አድጓልና። የሉተር ወገን ግን የሕፃናትን ጥምቀት ጠበቀ፣ በቅዱስ ቍርባን ውስጥ የክርስቶስ ሥጋና ደም በእውነት አለ ብሎ ያምናል፣ ኑዛዜንም አልሻረም። በቪተንበርግ ቍርባኑን ከፍ አድርጎ ለሕዝብ ማሳየት እስከ 1542 ድረስ ቀጥሏል። ሉተር ማርያምን ይጠላ ነበር የሚባለውም ሐሰት ነው፤ በ1521 የእመቤታችንን የምስጋና ጸሎት በፍቅር ተርጉሞ አብራርቷል። የተወው ምንድን ነው? ቅዳሴ ስለ ሕያዋንና ስለ ሙታን የሚቀርብ መሥዋዕት ነው የሚለውን ትምህርት፣ ወደ ቅዱሳን መለመንን፣ የካህናትን ያለማግባት ግዴታ፣ የገዳም ስእለትን፣ ከሰባቱ ምሥጢራት አብዛኞቹን፣ ከሁሉም በላይ የሮምን ጳጳስ መለኮታዊ ሥልጣን።

ስለ እኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልናገረው ባልፍ ይቆጨኛል። በ1534 አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ቪተንበርግ መጥቶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ተነጋግሯል። ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ጠየቁት፣ እርሱም ጠየቃቸው። ሉተር በጁላይ ወር በጻፈለት የምስክር ደብዳቤ፣ በቍርባን አፈጻጸም ሥርዓታችን ከእነርሱ ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል ብሎ ክርስቲያኖች እንዲቀበሉት አደራ አለ። ሮምን ያስቀየመው ሰው ለአንድ የተዋሕዶ ዲያቆን የወንድምነት ደብዳቤ ጻፈ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ፔተር ሃይሊንግ የሚባል የሉቤክ ሰው፣ ሉተራዊ ምሁር፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ወደ አገራችን ገብቷል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጋሩት ነገር ካለ ለምን ተለያዩ? በ1541 በሬገንስቡርግ ከካቶሊክ ወገን ካርዲናል ኮንታሪኒና ኤክ፣ ከተሐድሶ ወገን ሜላንክቶንና ቡሰር ተቀምጠው ስለ ጽድቅ በአንድ ጽሑፍ እስከ መስማማት ደርሰው ነበር። ይህን ስታነብቡ ልባችሁ ይሰበራል፤ ለእርቅ ያን ያህል ቀርበው ነበርና። ቍርባን ላይ ሲደርሱ ተሰናከሉ፣ ሉተርም ሮምም የተስማሙበትን ጽሑፍ አልተቀበሉትም። በ1545 ሉተር በሮም ጳጳስ ላይ የጻፈው ጽሑፍ ክርስቲያን ለክርስቲያን ሊጽፈው የማይገባ ስድብ የሞላበት ነው፤ ይህን የምናከብረው አባት ስለሆነ መሸፈን አይገባንም። በዚያው ዓመት የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ ተከፈተና እስከ 1563 ቆየ። ጉባኤው የሉተርን ትምህርት አወገዘ፤ ነገር ግን የስርየት ወረቀት ሻጮችን ሥራ ራሱ በ1562 አስቀረ። ሉተር ያቀረበው የመጀመሪያ አቤቱታ እውነት እንደነበረበት ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

ከዚያ በኋላ መሳፍንቱ ነገሩን ያዙት። በ1555 በዚህ ከተማ በተደረገው ስምምነት የሕዝቡ እምነት የገዢው እምነት እንዲሆን ተወሰነ። ለምሳሌ አንድ ልንገራችሁ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ እንረዳዋለን። በ1583 የአውግስበርግ ምክር ቤት የጳጳስ ጎርጎርዮስን አዲስ የዘመን አቆጣጠር ሲቀበል ሉተራውያኑ የጳጳስ ቀን አንቆጥርም አሉ፤ በዓላቸው አሥር ቀን ተራራቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከተማው ሊተላለቅ ደረሰ። ከ1618 እስከ 1648 በተደረገው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ይህ ከተማ በረሃብና በወረርሽኝ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ አጣ። በመጨረሻ ሹመት ሁሉ ለሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲከፋፈል ተደረገ። የአንድ አባት ልጆች ርስት ተካፍለው በመካከላቸው አጥር እንደሚያቆሙ፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ ለዘመናት ሳይጋቡ ኖሩ። በየዓመቱ ኦገስት 8 ቀን በአውግስበርግ ብቻ ሥራ የሚዘጋበት የሰላም በዓል መነሻው ይህ ነው፤ መከበር የጀመረው በ1650 ነው።

ሌሎቹ የተሐድሶ ወገኖችስ? የስዊዙ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ በ1529 በማርቡርግ ከሉተር ጋር ተገናኝቶ ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ፤ በቍርባን ላይ ተለያዩ። ሕፃናትን አናጠምቅም ያሉትን ካቶሊኮችም ሉተራውያንም በአንድነት አሳደዷቸው፣ ገደሏቸው። እዚህ መካከላችሁ የሜኖናውያን ወገን የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የእናንተ የእምነት አባቶች በሉተራውያን መሳፍንት እጅ ሞተዋል። በ2010 በሽቱትጋርት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለዚህ በይፋ ሜኖናውያንን ይቅርታ ጠይቋል። መካነ ኢየሱስም የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናትና ይቅርታው የእኛም ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልግባ። በ1964 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ክርስቲያኖች ጋር እንድትነጋገር በሩን ከፈተ፤ ከ1967 ጀምሮ የሉተራውያንና የካቶሊካውያን ኮሚሽን መቀመጥ ጀመረ። ኦክቶበር 31 ቀን 1999 የሁለቱ ወገን መሪዎች ከዚህ ከተማ ካቴድራል ተነሥተው በእግር ወደ ቅድስት አና ሄዱ። እኔም በመንገዱ ዳር ከቆሙት አንዱ ነበርሁ። በቅድስት አና ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል ኤድዋርድ ካሲዲና የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጳጳስ ክርስቲያን ክራውዘ ስለ ጽድቅ የተዘጋጀውን የጋራ መግለጫ ፈረሙ። እግዚአብሔር የሚቀበለን በእኛ ሥራ ሳይሆን በጸጋው ብቻ፣ በክርስቶስ በማመን ነው፤ ያ ጸጋም ልባችንን አድሶ ለመልካም ሥራ ይጠራናል ብለው በአንድ ቃል መሰከሩ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የተነገሩት ውግዘቶችም በዚህ መግለጫ የተጻፈውን ትምህርት አይነኩም አሉ። ሁሉም ግን አልተደሰተም፤ ከመቶ በላይ የጀርመን ፕሮቴስታንት የነገረ መለኮት መምህራን ልዩነቱ ተሸፋፈነ ብለው ተቃውመዋል፣ ከፌዴሬሽኑ ውጭ ያሉ አንዳንድ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናትም አልተቀበሉትም። ተቃውሟቸውን አከብራለሁ፤ እኔ ግን መግለጫው ትክክል ነው እላለሁ።

ታዲያ ካቶሊኮችና ሉተራውያን አንድ ሆኑ ማለት ነው? አይደለም። አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ፤ ካቶሊክ ናት፣ ባሏ ሉተራዊ ነበር። ልጆቻቸው በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። እሑድ እሑድ ከቤት አብረው ይወጡና መንገዱ መገናኛ ላይ ይለያዩ ነበር። ባሏ ሲሞት ፓስተሩና ቄሱ በመቃብሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ጸለዩ። በኋላ እርሷ በደብሯ ቅዳሴ አስቀድሳለት ሄድሁ። ቍርባን ሲታደል እናትዮዋ ተነሥታ ሄደች፤ ትልቅ ሰው የሆኑት ሁለቱ ልጆቿ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ተመልሳ በመካከላቸው ስትቀመጥ ልጇ እጇን ያዘ። ስለ ቤተ እምነቶች አመጣጥ ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነው።

ለምን አይቈርቡም? ዛሬ ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የሉተራውያን ክህነት ጉድለት አለበት ትላለች፤ ስለዚህ ቍርባናቸውን እንደ ራሷ ቍርባን አትቀበለውም። ሉተራውያን ደግሞ በ1870 የታወጀውን የሮም ጳጳስ አለመሳሳት፣ በ1854ና በ1950 ስለ እመቤታችን የተደነገጉትን ትምህርቶች አይቀበሉም፤ አብዛኞቻቸው ሴቶችንም ይሾማሉ። ልብ በሉ፤ አብዛኛው የዛሬው ልዩነት ከሉተር ሞት በኋላ የመጣ ነው። በ2016 ኦክቶበር 31 ቀን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና ፍልስጥኤማዊው ሉተራዊ ጳጳስ ሙኒብ ዩናን በስዊድን በሉንድ ካቴድራል አብረው ሲጸልዩ በፈረሙት ቃል፣ ሕይወታቸውን ሁሉ እየተካፈሉ በቅዱስ ማዕድ ግን መካፈል ያልቻሉትን ባለ ትዳሮች ሥቃይ ጠቅሰዋል። በ2018 የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ካቶሊክ ያገባ ፕሮቴስታንት በልዩ ሁኔታ እንዲቈርብ የሚያስችል መመሪያ አወጡ፤ በ2020 ግን ሮም ከዚህ የሰፋውን የጋራ ማዕድ አሳብ አልተቀበለችም። ሮምን በዚህ ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ ቍርባን የአንድነት ፍሬ ነው ወይስ የአንድነት መንገድ የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ የተዋሕዶ ሚስት ያለው ወንጌላዊ፣ የጴንጤ ልጅ ያላት የካቶሊክ እናት በዚህ አዳራሽ አሉ።

በ2030 የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ 500 ዓመት ይሞላዋል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ቫቲካን ሰነዱን በጋራ ሊመረምሩት ተስማምተዋል። ሰነዱ ረጅም አይደለም፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ ሉተራዊ ነኝ የምትሉ ከማንም ስለ ካቶሊክ ከመስማታችሁ በፊት ይህን እንድታነብቡ፣ በተለይም አንቀጽ 24ን ስለ ቅዳሴ የሚለውን፣ አንቀጽ 28ን ስለ ጳጳሳት ሥልጣን የሚለውን፣ ከካቶሊክ ጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ እንድታነብቡ ነው። ስለ አዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ያላችሁ እናቶች ቅድሚያ አላችሁ።